ሰርዲኑ፣ ቆሮሶውና የሚረጋው ዘይት

ሰንበቴ በዓሣ የምትታወቅ ከተማ አይደለችም። በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ሸዋ ሮቢትን ካለፈ በኋላ፣ አጣዬ ሳይደርስ ያገኛታል። ስሟን ያስጠራላት የእሑድ ገበያዋ ነው። ገበሬው ማሽላውንና ማሾውን፣ አርብቶ አደሩ ከብቱንና ፍየሉን ይዞ ይመጣል፤ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ እዚያ ይገናኛሉ። በዚህ አገር ከእንስሳ የሚገኝ ምግብ ሲባል የሚታሰበው ወተት፣ ቅቤና ሥጋ ነው። ዓሣ እንግዳ ነው።

እንግዳውን ግን ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ደም ግፊቱን ሊለካ የሄደ ሰው «ጮማ ቀንስ፣ ዓሣ ብላ» ተብሎ ይመለሳል። በስልክ የሚዘዋወረው ምክር ደግሞ ከዚህም ያልፋል፤ ዓሣ የደም ሥር ይጠርጋል፣ ድብርት ያድናል፣ ጭንቀት ያባርራል ይላል። ከዚህ ውስጥ እውነት አለ፣ የተጋነነ አለ፣ ጭራሽ ያልሆነም አለ። አንዱን ከሌላው ለመለየት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የትኛው ዓሣ?» ተብሎ ነው። ምክሩ የተወለደው ቅባታም ከሆኑ የባሕር ዓሦች ነው። ወሎ ውስጥ ሳህን ላይ የሚቀርበው ግን በአብዛኛው ከሐይቅ የወጣ፣ ቅባቱ ጥቂት የሆነ ዓሣ ነው፤ ያውም በሌላ ቅባት ተጠብሶ።

ቅባታም የሚባሉት ሰርዲን፣ ማኬሬል፣ ሳልሞን፣ ሄሪንግ፣ አንቾቪና ትራውት ናቸው። ቅባታቸው በሥጋቸው ውስጥ ሁሉ ተሰራጭቶ ይገኛል። የሚፈለገውም ይኸው ቅባት፣ በተለይ ደግሞ በውስጡ ያሉት ኢፒኤ እና ዲኤችኤ የሚባሉ ሁለት የኦሜጋ 3 ዓይነቶች ናቸው። መነሻቸው በባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ አልጌ ነው። አልጌውን ትንንሽ ፍጥረታት ይበሉታል፣ እነሱን ሰርዲን ይበላቸዋል፣ ሰርዲኑን ትልቁ ዓሣ ይበላዋል፤ ቅባቱም እንዲሁ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ይከማቻል። የሰው አካል ሁለቱን በበቂ መጠን መሥራት ስለማይችል ከምግብ ሊያገኛቸው ይገባል።

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለአዋቂ ሰው በቀን 250 ሚሊ ግራም ኢፒኤና ዲኤችኤ ይበቃል ይላል። በሳምንት 1,750 ሚሊ ግራም ማለት ነው። አሁን ይህን ቁጥር ይዘን ወደ ዓሦቹ እንሂድ። ዘይቱ የተንጠፈጠፈለት 100 ግራም የቆርቆሮ ሰርዲን 1,000 ሚሊ ግራም ገደማ ይሰጣል። ሳልሞን የዚያን እጥፍ ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ለሰንበቴ ቀርቶ ለአዲስ አበባም የሚቀመስ አይደለም። ቆሮሶ በ100 ግራም የሚሰጠው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ የሳምንቱን ድርሻ ከሰርዲን ለማግኘት ሁለት ቆርቆሮ ግድም ሲበቃ፣ በቆሮሶ ለመሙላት አጥንቱ ወጥቶ አንድ ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሥጋ መብላት ይጠይቃል። አምባዛ ከቆሮሶ ቢሻልም ሰርዲን አጠገብ አይደርስም። ለሳንድዊች የሚወደደው የቆርቆሮ ቱናም ብዙዎች እንደሚገምቱት አይደለም፤ በውሃ የታሸገው የተለመደ ዓይነት የሚሰጠው ከሰርዲኑ ሩብ ቢሆን ነው። እነዚህ ቁጥሮች ዓሣው እንደበላውና እንደተያዘበት ወቅት ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ የልዩነቱ ስፋት ግን አይለወጥም።

ለሰንበቴ ቅርብ የሆነው ትልቁ የዓሣ ምንጭ ከደሴ በስተሰሜን ያለው የሐይቅ ሐይቅ ነው፤ በእስጢፋኖስ ገዳሙ የሚታወቀው። አምባዛው የቆየ ነዋሪ ሲሆን ቆሮሶው በ1970 ዓ.ም. ገደማ በሰው እጅ ወደ ሐይቁ የገባ ነው። ዛሬ በሐይቅ ከተማ፣ በደሴና በኮምቦልቻ የሚበላው እሱ ነው። ቆሮሶ መጥፎ ምግብ ነው የሚል ሰው ተሳስቷል። ፕሮቲኑ ጥሩ ነው፣ ቫይታሚን ቢ12 አለው፣ እንደ በሬ ጮማ ለልብ የማይበጅ ቅባት የለበትም። በኦሜጋ 3 ስም ግን አይሸጥልን። ከአገራችን የወንዝና የሐይቅ ዓሦች መካከል ከቅባታሞቹ የሚመደበው ትራውት ነው። እሱም ከኬንያ መጥቶ በባሌ ቀዝቃዛ ወንዞች የተለቀቀ እንግዳ ሲሆን፣ ወደ ሰንበቴ የሚመጣበት መንገድ የለም። ቅባታም ዓሣ ለሰንበቴ ሰው የሚቀርበው በሱቅ መደርደሪያ ላይ፣ ከቲማቲም ድልሁ አጠገብ፣ በቆርቆሮ ሆኖ ነው።

ዓሣ ለልብ ይበጃል የሚለው ታሪክ የሚጀምረው ግሪንላንድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባንግና ዳይርበርግ የተባሉ ሁለት የዴንማርክ ተመራማሪዎች የኢኑይት ሕዝብን ደም መርምረው፣ ዓሣና የባሕር እንስሳ ቅባት ያን ያህል እየበሉ የደም ቅባታቸው ዝቅ ያለ፣ ደማቸውም ቶሎ የማይረጋ መሆኑን ዘገቡ። ከዚያ ተነስቶ «ኢኑይት የልብ ሕመም አያውቃቸውም» የሚል ወሬ ዓለምን አዳረሰ። ኋላ ላይ ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን ሲያገላብጡ ኢኑይት ከልብ ሕመም ነጻ ነበሩ የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አላገኙም። መነሻው ሰንካላ ቢሆንም ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነበር።

ከሁሉ የሚጠቀሰው መልስ ከዌልስ መጣ። ድንገተኛ የልብ ሕመም አጋጥሟቸው የተረፉ 2,033 ወንዶች ተመዘገቡ፤ ከፊሎቹ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቅባታም ዓሣ እንዲበሉ ተመከሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲታተም፣ ምክሩን ያገኙት በሁለት ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው 29 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ለአንድ የምግብ ምክር ይህ እጅግ ትልቅ ቁጥር ነው። ነገር ግን እነዚያው ተመራማሪዎች የደረት ውጋት ባለባቸው 3,114 ወንዶች ላይ ሙከራውን ደግመው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያሳውቁ ጥቅሙ አልተገኘም። እንዲያውም የዓሣ ዘይት እንክብል የወሰዱት የባሰ ሁኔታ ላይ የተገኙ መስለዋል። በጤና ወሬ ላይ የመጀመሪያው ጥናት ብቻ ሲወራ ሁለተኛው የሚዘለለው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ትልልቅ ሙከራዎች በአብዛኛው በእንክብል ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው የአሜሪካው ሙከራ 25,871 ሰዎችን ያቀፈ ነበር። በቀን 1 ግራም የሚሆነው የዓሣ ዘይት እንክብል የልብና የደም ሥር አደጋዎችን በአጠቃላይ ሲደመሩ በሚታመን ደረጃ አልቀነሰም። ሆኖም ቀድሞውኑ ዓሣ እምብዛም በማይበሉት ላይ ጥቅም ያለ መስሎ ታይቷል፤ ፍንጭ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ 15,480 የስኳር ሕመምተኞችን ያካተተ ሙከራም እንዲሁ ልዩነት አላገኘም። በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ፣ የተጣራ ኢፒኤ በቀን 4 ግራም ያህል የተሰጠበት ሌላ ሙከራ ትልቅ ጥቅም አሳየ፤ በተመሳሳይ መጠን ኢፒኤና ዲኤችኤ ተቀላቅለው የተሰጡበት ደግሞ ምንም አላሳየም። ባለሙያዎቹ በዚህ ላይ እስካሁን አልተስማሙም።

ከእንክብል ወጥቶ ዓሣ የሚበሉ ሰዎችን የተከታተለው ሰፊ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቷል። ከ58 አገሮች የተውጣጡ 191,558 ሰዎችን ይዟል፤ ሀብታምም ድሃም አገሮች ስላሉበት ለእኛ ይቀርባል። ያገኘው ነገር ግልጽ ነው። አስቀድሞ የልብ ወይም የደም ሥር ሕመም የነበረባቸው ሰዎች በሳምንት 175 ግራምና ከዚያ በላይ ዓሣ ሲበሉ ሌላ አደጋ የሚገጥማቸውና የሚሞቱት ባነሰ ቁጥር ነበር፤ በተለይ ዓሣው ቅባታም ሲሆን። ጤነኛ በነበሩት ሰዎች ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

የሚሠራበት መንገድ ሲጠና ምክንያት አልታጣም። ኦሜጋ 3 በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን ትራይግሊሰራይድ የተባለ ቅባት በርግጥ ይቀንሳል፤ ይህ የማያከራክር ነው። በልብ ጡንቻ ሴሎች ሽፋን ውስጥ ገብቶ የልብ ምትን ያረጋጋል ተብሎ ይታመናል። ደም በቀላሉ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ደም ግፊትንም በጥቂቱ ዝቅ ያደርጋል። የደም ሥር ይጠርጋል የሚለው ግን ፈጠራ ነው። ዓመታት ፈጅቶ በደም ሥር ግድግዳ ላይ የተጋገረን ነገር በዓሣ አጥቦ ማውጣት አይቻልም።

እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የባሕር ምግብ እንዲበላ ሲመክር፣ በተለይ ለጤና ያነሰ ምግብን ሲተካ ብሏል። ምክሩ የተጻፈው በየቀኑ ሥጋ፣ ቋሊማና አይብ ለሚበላ ሰው ነው። እዚያ ዓሣው ሲመጣ የሚነሳ ምግብ አለ፤ ከጥቅሙ ከፊሉ የሚመጣው ከተነሳው ምግብ ነው። ሰንበቴ ውስጥ ግን ሥጋ ለብዙው ቤተሰብ የበዓል ወይም የእንግዳ ምግብ ነው። የዕለቱ ማዕድ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የማሽላ እንጀራ ነው። ሽሮውን አንስቶ በሚረጋ ዘይት የተጠበሰ ቆሮሶ ያስቀመጠ ሰው ለልቡ አንዳች ጨመረለት ብዬ አላምንም። ጮማና ቅቤ ለሚያዘወትረው፣ በሳምንት ብዙ ቀን ጥብስ ቤት ለሚገኘው ነጋዴና ሹፌር ግን ምክሩ በትክክል የእሱ ነው።

ከዚህ ወደ ድስቱ እንግባ፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚያ ነውና። ምግብ ቤት ውስጥ ዓሣ ሲባል የሚመጣው ጎኑ የተተለተለ፣ ዘይት ውስጥ ሰጥሞ እስኪደርቅ የተጠበሰ ሙሉ ቆሮሶ ነው፤ ከሎሚና ከዳጣ ጋር። ይጣፍጣል፣ አልክድም። ዘይቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚረጋው ነው። ፓልም ለዓመታት በመንግሥት ድጎማ በገፍ ሲገባ ስለኖረ በየቤቱ የለመድነው ሆኗል። ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይበጀው የቅባት ዓይነት ነው፤ ቀዝቀዝ ሲል የሚረጋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቆሮሶ የራሱ ቅባት ጥቂት ስለሆነ የሚበላው ሰው የሚያገኘው በአብዛኛው የመጥበሻውን ቅባት ነው። ዘይቱ ሦስት አራት ጊዜ ተመላልሶ ከጠቆረ ደግሞ ይብሳል። በአሜሪካ የወር አበባ ያቆሙ ከ84 ሺህ በላይ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ በምድጃ የተጋገረ ዓሣ የሚያዘወትሩት የልብ መድከም ባነሰ መጠን ሲገጥማቸው፣ የተጠበሰ የሚያዘወትሩት ግን ከማይበሉት በላይ እንደገጠማቸው አግኝቷል። ሁለቱም ዓሣ፣ ውጤቱ ግን ሁለት ዓይነት።

ወጥ ይሻላል። ቀይ ሽንኩርቱን በጥቂት ፈሳሽ ዘይት አቁላልቶ፣ በርበሬውን አብስሎ፣ ዓሣውን መጨረሻ ላይ መጨመር፤ ዓሣ ቶሎ ስለሚበስል ረጅም እሳት አይፈልግም። ጉላሹም ሾርባውም እንዲሁ ነው። ለሰርዲን ደግሞ እሳት እምብዛም አያስፈልግም። ዘይቱን አንጠፍጥፎ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከትፎ፣ ሎሚ ጨምቆ በዳቦ ወይም በእንጀራ መብላት ነው። አጥንቱ ስለላመ አብሮ ይበላል፤ ካልሲየም ይሰጣል። ማስጠንቀቂያው ጨው ነው። ቆርቆሮው ውስጥ ጨው አለ፤ እኛ ደግሞ ቀድሞም ጨው አናጣም። በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የጤና ዳሰሳ፣ ኢትዮጵያዊ አዋቂ በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው ሲበላ ተገኝቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከ5 ግራም በታች ነው። በዚያው ዳሰሳ ከመቶ አዋቂዎች 16ቱ ገደማ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበር። ስለዚህ ሰርዲን የቀረበበት ማዕድ ላይ ሌላ ጨው አይጨመር። ያበጠ ወይም የዛገ ቆርቆሮ አይገዛ፤ በሰንበቴ ሙቀት የተከፈተው ደግሞ ተርፎ አይደር።

ዓሣ በዚህ አካባቢ አንድ የራሱ ጥቅም አለው፤ ሐኪም የማይጽፈው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ለሠርግ ሲጠራሩ የሥጋው ድስት ለየብቻ ነው፤ ማን አረደው የሚባል ነገር አለ። ዓሣ ማረድ አይጠይቅም። ለሙስሊሙ ሐላል ነው፤ ክርስቲያኑም የማን ዕርድ ነው ብሎ አይጠይቅበትም። በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በኦርቶዶክሱ ዘንድ እንዳለ ሆኖ፣ ከጾም ውጪ አንድ ሳህን ላይ እጅ የሚያገናኝ የእንስሳ ምግብ ቢኖር እሱ ነው።

ስለ ልብ ስናወራ የትኛው የልብ ሕመም እንደሆነም መለየት ያስፈልጋል። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚገድለው የልብ ሕመም የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። በልጅነት የሚይዝ፣ በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ቁስለት ሳይታከም ሲቀር ሰውነት ራሱን እንዲያጠቃ ያደርጋል፤ የልብ በሮች ይጎዳሉ። ይህን ዓሣ አይከላከለውም፣ አያድነውም። የሚከላከለው የልጁ ጉሮሮ ሲታመም በጊዜ ጤና ጣቢያ ወስዶ የፔኒሲሊን መድኃኒት ማሰጠት ነው። የልብ በሯ የተጎዳ አንዲት ወጣት እህት ያለው ሰው ከውጭ አገር የዓሣ ዘይት እንክብል ሊያስልክላት ቢያስብ፣ ቆም ብሎ ይስማኝ። እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ብዙዎቹ የልብ ምታቸው የተዛባ ነው፤ ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒትም ይወስዳሉ። ብዙ መጠን ያለው የዓሣ ዘይት እንክብል የላይኛውን የልብ ክፍል ምት የማዛባት ዕድሉን ከፍ እንደሚያደርግ በተደጋጋሚ ሙከራዎች ታይቷል። ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሐኪሟ ማወቅ አለበት። በሳህን የቀረበ ዓሣ ይህን ያህል ስጋት የለውም።

ጫቱንም ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንም። ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ ጫት የብዙ ሰው የከሰዓት ወዳጅ ነው። ውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል። በየመን የተደረጉ ጥናቶች ጫት ቃሚዎች ለድንገተኛ የልብ ሕመም የበለጠ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። በየቀኑ እየቃመ፣ ሌሊቱን እያፈጠጠ እያደረ፣ በሳምንት ሁለት ሰርዲን ልቤንም ስሜቴንም ያስተካክልልኛል የሚል ካለ ሒሳቡ አልገጠመም።

አሁን ወደ አእምሮ። ውሃው ወጥቶ ከሚቀረው የአንጎል ክፍል ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው፤ በውስጡ ካሉት የኦሜጋ 3 ዓይነቶች ደግሞ ዋነኛው ዲኤችኤ ነው። ስለዚህ ዓሣ ከስሜት ጋር ይያያዛል ብሎ ማሰብ ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 ዓሣ በብዛት በሚበላባቸው አገሮች ድብርት አነስ ብሎ እንደሚገኝ የሚያሳይ ጽሑፍ ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ከ150 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተቱ 26 ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ብዙ ዓሣ የሚበሉት በድብርት የመያዝ ዕድላቸው ጥቂት ከሚበሉት በ17 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በስልክ የሚዞረው ምክር ከዚህ የተቀዳ ነው።

ችግሩ፣ ዓሣ የሚበላ ሰው ብዙ ጊዜ ገቢው የተሻለ፣ አትክልትም የሚበላ፣ ብዙም የማያጨስ መሆኑ ነው። ስሜቱን ያቀናለት ዓሣው ነው ወይስ ኑሮው? ይህን ለመለየት ሰዎችን በዕጣ ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። ተከፍለውም ታይቷል። ቀደም ብሎ ከተነሳው የአሜሪካ ሙከራ ውስጥ ድብርት ያልነበረባቸውና 50 ዓመት የሞላቸው 18,353 ሰዎች ለአምስት ዓመት ያህል ክትትል ተደርጎባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ ሲወጣ እንክብሉ ድብርትን አልተከላከለም፤ እንዲያውም እንክብሉን በወሰዱት ላይ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ታየ። ድብርት ለያዛቸው ሰዎች ሲሆን ነገሩ ትንሽ ይለያል። ኢፒኤ የሚያመዝንበት እንክብል ከመደበኛው ሕክምና ጋር ሲሰጥ መጠነኛ እርዳታ ሊኖረው ይችላል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ማስረጃው ግን ጠንካራ አይደለም፣ ጥቅሙም ቢኖር ትንሽ ነው። ለጭንቀት ያለው ማስረጃ ከዚህም ይሳሳል።

እኔን የሚያሳምነኝ ሌላ ነው። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ አንድ አነስተኛ ሙከራ፣ ከባድ ድብርት ያለባቸው 67 ሰዎች ተመርጠው ከፊሎቹ አመጋገባቸውን ሙሉ በሙሉ እንዲያስተካክሉ ታገዙ፤ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ የወይራ ዘይት፣ ዓሣም። ከነዚህ ውስጥ 32 በመቶው ከድብርቱ ሲወጡ፣ ምግባቸው ሳይነካ ከሰው ጋር እየተጨዋወቱ ብቻ ከቆዩት ግን 8 በመቶው ናቸው የወጡት። ሙከራው ትንሽ ነው፣ ብዙ ሊባልለት አይገባም። የሚያሳየው አቅጣጫ ግን ዓሣው ብቻውን ሳይሆን ማዕዱ በሙሉ ሲቀና ለውጥ ሊመጣ እንደሚችል ነው። የዚያ ማዕድ ትልቁ ክፍል፣ ምስሩና ሽምብራው፣ ጎመኑ፣ ያልተፈተገው እህል፣ ሰንበቴ ቤት ውስጥ አስቀድሞ አለ።

ይህ አካባቢ በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በግጭት፣ ከዚያም በ2014 ዓ.ም. ኅዳር በጦርነት ያሳለፈውን የሚያውቅ ሰው፣ እዚህ ድብርትና ጭንቀት ከምግብ ጉድለት ብቻ የሚመጣ እንዳልሆነ ይገባዋል። ዘመድ የሞተበት፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ ተፈናቅሎ የተመለሰ አለ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ ሆዱ የባባ፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ያስጠላው፣ እንቅልፍና ምግብ የተወው ሰው የሚያስፈልገው ሰርዲን አይደለም። ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ካስፈለገም ደሴ ባለው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። መሞት የሚያስመኘው ከሆነ ደግሞ ቀን አይቀጠርለትም፤ ብቻውን አይተው፣ ያኔውኑ ይወሰድ።

ዓሣ ለማይወድ ወይም አቅሙ ለማይፈቅድለት ተልባ አለ። ከተልባ ዘይት ግማሹና ከዚያ በላይ ኤኤልኤ የተባለ የኦሜጋ 3 ዓይነት ነው፤ ከዕፅዋት ሁሉ እንዲህ ያለ ሀብት ያለው ጥቂት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተልባ ዱቄት ለአንድ አዋቂ ሰው የቀኑን የኤኤልኤ ድርሻ ይሸፍናል። ሰውነት ግን ይህን ወደ ኢፒኤ የሚለውጠው በጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ ወደ ዲኤችኤ የሚደርሰው ከዚያም ያንሳል። ኑግና ሱፍ ዘይት የሚበዛበት ምግብ ይህን ለውጥ ይበልጥ ያከብደዋል፤ በነሱ ውስጥ ያለው ኦሜጋ 6 በዚያው መንገድ ይሻማልና። እንግዲህ ተልባ ዓሣን አይተካም፤ በራሱ ግን ጥሩ ምግብ ነው፣ ለሆድ ድርቀትም ለኮሌስትሮልም ይረዳል። ሳይፈጭ ከተዋጠ እንደገባ ይወጣል። ተፈጭቶ ከቆየ ደግሞ ቅባቱ ይበላሻል፤ ለስለስ ያለ እሳት አሳይቶ፣ የሳምንቱን ያህል ብቻ መፍጨት ነው የሚሻለው።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለብቻዋ ልትነሳ ይገባል። የሕፃኑ አንጎል ዲኤችኤ የሚሰበስበው በማሕፀን በመጨረሻዎቹ ወራትና ከተወለደ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ነው፤ ምንጩም እናቱ ናት። በቤት ውስጥ አንድ ቆርቆሮ ሰርዲን ብቻ ካለ የእሷ ይሁን። ትልልቅ አዳኝ የባሕር ዓሦች ሜርኩሪ ስለሚያከማቹ ለእሷ አይመከሩም፤ ሰርዲን ግን ትንሽ ዓሣ ስለሆነ፣ ዕድሜውም አጭር ስለሆነ ይህ ስጋት እምብዛም የለበትም።

ከከሚሴ በኩል የሚነሳ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ከቦርከና ወንዝ የሚጠመደው ዓሣስ? ቦርከና በደሴና በኮምቦልቻ አልፎ ነው ወደ ጨፋ ረግረግ የሚወርደው። ኮምቦልቻ ላይ ከፋብሪካዎች የሚለቀቀው ፍሳሽ ወደ ወንዙ ገባሮች ይገባል፤ እዚያ የተደረጉ ጥናቶች ክሮሚየምንና ዚንክን የመሳሰሉ ብረቶች ከልክ አልፈው አግኝተዋል። አምባዛ ደግሞ ከጭቃው ሥር የሚበላ ዓሣ ነው። ወንዙ ዳር ላደገ ልጅ አልፎ አልፎ የሚያጠምደውን እንዳይበላ ማለት ይከብዳል፤ ነገር ግን የሳምንት ምግብ አድርጎ መያዝ፣ ይልቁንም ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች ማብላት አይመከርም። ለእነሱ የሐይቁ ቆሮሶ ይሻላል፤ በወጥ ተሠርቶ።